የጃክሊን ፍሬኒ 8 ወርቅ፣ የኤስ7 ምድብ እና የሚጠላለፉ እግሮች

ገንዳ ዳር (ጠያቂ)

ሰላም ናችሁ? የአውስትራሊያዋን ጃክሊን ፍሬኒን ጉዳይ በደንብ የሚያውቅ ሰው ፈልጌ ነው። ሴሬብራል ፓልሲ (አንጎል ላይ በደረሰ ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ያለባት ዋናተኛ ናት፤ በ2012 የለንደን ፓራሊምፒክ 8 ወርቅ ወስዳለች። ሦስት ነገር አልገባኝም።

አንደኛ፣ ከስሟ ጎን ሁሌም «ኤስ7» ይጻፋል። ይህን ቁጥር የሚሰጠው ማን ነው? በምንስ ይለካል? «ቀላል ምድብ ስለደረሳት ነው ያሸነፈችው» የሚሉም አሉ።

ሁለተኛ፣ ከስምንቱ ወርቅ ውስጥ ለብቻው የተዋኘ የደረት ቀዘፋ የለም። ለምን ይሆን?

ሦስተኛው ዋናው ጥያቄዬ ነው። ዳይፕሌጂያ ያለባት (ሁለቱም እግሮቿ የሚወጠሩ) የ14 ዓመት ልጅ አለች። 100 ሜትር ነጻ ቀዘፋ ሳታቋርጥ ትጨርሳለች፤ ነገር ግን ከ60 ሜትር በኋላ እግሮቿ እንደ መቀስ ይጠላለፉና ወደ ታች ይሰምጣሉ። አሰልጣኟ «እግሯ ይጠንክር» ብሎ በየቀኑ 600 ሜትር ኪክቦርድ (በእጅ የሚያዝ ተንሳፋፊ ሰሌዳ) ይዛ በእግር ብቻ እንድትዋኝ ያደርጋታል። ልክ ነው ወይ? እንደ ፍሬኒ ያለች ዋናተኛ እንዴት ነው የምትሰለጥነው?

ነጥብ ቆጣሪ

ከቁጥሩ ልጀምር። «ኤስ» የነጻ፣ የጀርባና የቢራቢሮ ቀዘፋ ምድብ ነው። «ኤስቢ» የደረት ቀዘፋ፣ «ኤስኤም» ደግሞ የግል ቅይጥ (አንድ ሰው አራቱንም ቀዘፋ ተራ በተራ የሚዋኝበት)። ከ1 እስከ 10 ያሉት የአካል ጉዳት ምድቦች ናቸው፤ በደረት ቀዘፋ ግን 9 ላይ ያበቃል። 11፣ 12 እና 13 የዓይነ ስውራንና ማየት የሚቸግራቸው፣ 14 የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ነው። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ጉዳቱ ይከብዳል። ስለዚህ ኤስ7 ማለት «ሰባተኛ የወጣች» ማለት አይደለም፤ ይህን የሚያደባልቅ ብዙ ሰው አለ።

የሚለካው የሕመሙ ስም ሳይሆን ሰውነት ውሃ ውስጥ ምን ያህል እንደሚሠራ ነው። ፍሬኒ በተወዳደረችበት ዘመን የነበረው የነጥብ አሠራር ለኤስ ምድብ ጠቅላላ 300 ነጥብ ነበረው፦ ክንድ 130፣ እግር 100፣ የሰውነት ግንድ 50፣ መነሻ 10፣ መታጠፊያ 10። ከ191 እስከ 215 ያገኘ ኤስ7 ይገባል። 190 ከሆነ ኤስ6 ነው፣ 216 ከሆነ ኤስ8። ለማስረዳት ብቻ የፈጠርኩት ቁጥር ይኸውና፤ የማንም ሰው ውጤት አይደለም። ክንድ 122፣ እግር 38፣ ግንድ 36፣ መነሻ 4፣ መታጠፊያ 5። ድምሩ 205 ስለሆነ ኤስ7።

ነጥቡ የሚሰበሰበው በሦስት እርከን ነው። መጀመሪያ አልጋ ላይ፦ ትከሻ፣ ክርን፣ አንጓ፣ ዳሌ፣ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት አንድ በአንድ ይፈተሻሉ፤ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ከ0 እስከ 5 ይሰጠዋል። ሴሬብራል ፓልሲ ላይ የሚታየው የጉልበት መጠን ሳይሆን ቅንጅቱ ነው። ለዚህም ነው አንዱን እንቅስቃሴ በዝግታም በፍጥነትም የሚያስደጋግሙት፤ በዝግታ ያማረ ነገር ሲፈጥን ይፈርሳል። ቀጥሎ ውሃ ውስጥ ይገባል፣ በመጨረሻም እውነተኛ ውድድር ላይ ይታያል። መዳቢዎቹ ብዙውን ጊዜ ሁለት ናቸው፦ አንዱ ከሕክምናው ወይም ከፊዚዮቴራፒው ወገን፣ ሌላው የዋና ቴክኒክ የሚያውቅ።

የደረት ቀዘፋው ጥያቄህ መልስ እዚሁ ነጥብ ውስጥ ተደብቋል። ለኤስቢ ጠቅላላው 290 ነው፤ ክንድ ወደ 110 ሲወርድ እግር ወደ 120 ይወጣል፣ ግንድ 40፣ መነሻና መታጠፊያ አሥር አሥር። ደረት ቀዘፋ ወደፊት የሚገፋው በእግር ስለሆነ ነው። ዳይፕሌጂያ ያለበት ሰው ጉልበቱን አጥፎ እግሩን ወደ ውጭ ማዞር ይቸግረዋል፤ የጭኑ የውስጥ ጡንቻ ወደ መሀል ይጎትተዋል። ለዚህ ሲባል ብዙ ዋናተኛ በደረት አንድ ቁጥር ዝቅ ብሎ ይመደባል፤ ያም ሆኖ ይኸኛው ቀዘፋ ደካማ ጎኑ ሆኖ የሚቀርበት ጊዜ ይበዛል።

የድሮ ውጤት

«ቀላል ምድብ» የሚለው ወሬ ውጤቱን ያላየ ሰው ወሬ ነው።

ፍሬኒ ሰኔ 1992 በአውሮፓ አቆጣጠር ብሪዝበን ተወለደች፤ ያደገችው በኒው ሳውዝ ዌልስ ሰሜን ጠረፍ ነው። አሰልጣኟ አባቷ ማይክል ፍሬኒ ነበር። በ2008 ቤጂንግ ላይ በ16 ዓመቷ ሦስት ነሐስ አመጣች። ከነሐስ ወደ ስምንት ወርቅ የወሰዳት አራት ዓመት ነው።

የለንደን ስምንቱ እነዚህ ናቸው፦ 50፣ 100 እና 400 ሜትር ነጻ ቀዘፋ፣ 100 ሜትር ጀርባ፣ 50 ሜትር ቢራቢሮ፣ 200 ሜትር የግል ቅይጥ፣ እንዲሁም ሁለት የ4 በ100 ቅብብል፤ አንዱ ነጻ፣ አንዱ ቅይጥ። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ እዩት። በሴቶች ኤስ7 የነበረውን ወርቅ ጠራርጋ ነው የወሰደችው። 50 ሜትርን እና 400 ሜትርን አንድ ሰው ማሸነፉ ጤነኛ ዋናተኞች ዘንድም እጅግ ብርቅ ነው፤ አንዱ ፍንዳታ ነው፣ ሌላው ለደቂቃዎች የሚዘልቅ ልክ ጠብቆ መሄድ። ሴሬብራል ፓልሲ ላይ ደግሞ ረጅሙ ርቀት ይበልጥ ይከብዳል፤ ተቃራኒ ጡንቻዎች በአንድ ጊዜ ስለሚኮማተሩ ለአንድ ዓይነት ፍጥነት የሚወጣው ጉልበት ይበዛል።

ከዚያ በፊት በአንድ ፓራሊምፒክ ብዙ ወርቅ የያዘችው አውስትራሊያዊት ሲዮባን ፓተን ነበረች፤ በ2000 ሲድኒ ስድስት። አውስትራሊያ በለንደን ጠቅላላ 32 ወርቅ አገኘች። ቅብብሉ እንደ አንድ አንድ ስለሚቆጠር፣ ከአራት ወርቅ አንዱ ላይ የፍሬኒ እጅ አለ ማለት ነው። በ2014 የዓመቱ ወጣት አውስትራሊያዊት ተብላ ተሸልማለች።

ሐቁን ለመናገር ግን በሩ በከፊል ተከፍቶላት ነበር። በቤጂንግ ኤስ7ን የገዛችው አሜሪካዊቷ ኤሪን ፖፖቪች ከለንደን በፊት ውድድር አቁማለች። የፖፖቪች ጉዳት ሴሬብራል ፓልሲ ሳይሆን የአጭር ቁመት ዓይነት ነው፤ አንድ ምድብ ውስጥ የተለያየ ጉዳት ጎን ለጎን እንደሚዋኝ ከዚህ በላይ ምሳሌ አያስፈልግም። በሩ ተከፈተ ማለት ግን ገንዳው ባዶ ነበር ማለት አይደለም። በቤጂንግ የ50 ሜትሩን ወርቅ የወሰደችው ኮርትኒ ጆርዳን እዚያው ነበረች፤ እሷም ሴሬብራል ፓልሲ ያለባት ናት፤ ለንደን ላይ በነጻ ቀዘፋ ከፍሬኒ ኋላ ብር ነው የደረሳት።

ቅብብሉ ላይ ደግሞ ሒሳብ አለ። «34 ነጥብ» የሚባለው የአራቱ ዋናተኞች የምድብ ቁጥር ተደምሮ ከ34 እንዳይበልጥ ነው። በነጻ ቀዘፋው ኤሊ ኮል 9፣ ማዲሰን ኤሊየት 8፣ ካትሪን ዳውኒ 10፣ ፍሬኒ 7፤ ልክ 34። ፈጣን ኤስ7 ያለው ቡድን አንድ ኤስ10 የሚያስገባበት ቦታ ያገኛል። በሌላ አነጋገር ፍሬኒ ለቡድኑ ዋጋዋ ሁለት ነው፦ ሰዓቷም ቁጥሯም። በቅይጡ ቅብብል ደረት ቀዘፋ የሚዋኘው ሰው የሚቆጠረው በኤስቢ ቁጥሩ ነው፤ አሰልጣኞች ይህን ረስተው 35 ሲሆንባቸው ቡድኑ ከነጭራሹ ይሰረዛል።

ፊዚዮ በውሃ

ወደ ልጅቷ ልምጣ። 600 ሜትር ኪክቦርዱን ዛሬውኑ አስቁሙት። ነገሩ እንዲህ ነው፦

ኪክቦርድ ሲያዝ ጭንቅላት ቀና ይላል። ጭንቅላት ሲነሳ ዳሌ ይወርዳል፣ ወገብ ይጎብጣል። ያ አቋም ውጥረት ላለበት እግር ከሁሉም የከፋው ነው። የጡንቻው ውጥረት ደግሞ ፍጥነትን ተከትሎ የሚመጣ ነው፤ በቶሎ ሲሳብ ይይዛል፣ በዝግታ ሲሳብ ይለቃል። ልጅቷ ሲደክማትና ሲያጣድፏት እግሯ ይጠላለፋል፤ 600 ሜትር ማለት ከመቶው በኋላ ያለውን አምስት መቶ ሜትር መጠላለፍ እየተለማመደች ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የቀዘፋ ልምምድ ሁሉ በደነዘዘ እግር ይሠራል።

ዳይፕሌጂያ ላለባት ዋናተኛ ሞተሩ ክንድ ነው። ከእግር የሚጠበቀው መግፋት ሳይሆን አለመጎተት ነው። ግንዱ የከፈተው የውሃ ቀዳዳ ውስጥ ተከትሎ ይለፍ፤ ይኸው ነው ሥራው። ስለዚህ፦

የእግር ምት በቀን ከ100 እስከ 150 ሜትር ይበቃል፣ ያውም ትኩስ ጉልበት ሳለ። ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ 25 ሜትር፣ በመሀል 30 ሴኮንድ እረፍት፣ በጀርባ ወይም በፊት ስኖርከል (መተንፈሻ ቱቦ) ፊት ውሃ ውስጥ ተደርጎ፣ እጅ በጎን። ምቱ ጠባብና ዘገምተኛ። ጉልበቶቿ መነካካት ሲጀምሩ ያኔ ይቁም፤ «አንድ ብቻ ጨምሪ» አይባልም።

ጭንቅላት፦ ዓይን ወደ ወለል፣ ውሃው የሚነካው አናትን እንጂ ግንባርን አይደለም። ደረትን ትንሽ ወደ ውሃ መጫን ዳሌን ያነሳል። ስትተነፍስ የመነጽሯ አንዱ መስታወት ውሃ ውስጥ ይቅር። ከጭንቅላት መነሳት ብቻ የሚመጣ የእግር መስመጥ ብዙ ነው፤ አሰልጣኙ ግን እግሩን ነው የሚያየው። በሁለቱም ጎን ተንፍሺ ብሎ ማስገደድ አያስፈልግም፤ በሚቀናት ጎን በየሁለት ክንዱ ትተንፍስ።

ፑል ቦይ (ጭን መሀል የሚያዝ ተንሳፋፊ አረፋ) ይጠቅማል፣ ግን ይዋሻል። ትልቅ አረፋ ጭን መሀል ሲገባ ዳሌ ጣሪያ ይደርሳል፤ ውድድር ላይ ያ ዳሌ የለም። በትንሹ ጀምራችሁ ከሳምንት ሳምንት አንድ ስብስብ በአረፋ፣ አንድ ያለ አረፋ እያፈራረቃችሁ ሂዱ። ቁርጭምጭሚት የሚያስር ላስቲክ ግን ለሚጠላለፍ እግር አታድርጉ።

የ60 ሜትሩን ምክንያት ለመለየት ቀላል ፈተና አለ። አንድ ቀን 100 ሜትሩን የመጀመሪያውን 50 ሆን ብላ ከወትሮው 3 ሴኮንድ አዘግይታ ትዋኝ። መጠላለፉ ከጠፋ ወይም ወደ 80 ሜትር ከሸሸ ችግሩ የፍጥነት አከፋፈል ነው። እዚያው 60 ላይ ከመጣ ግን የጽናት ወይም የውጥረት ጉዳይ ነው። የመጀመሪያው ከሆነ መድኃኒቱ 8 ጊዜ 50 ሜትር ነው፣ በመሀል 25 ሴኮንድ እረፍት፤ የቀዘፋ ቁጥሩና ሰዓቱ ይመዝገብ። በመጨረሻዎቹ ሁለት ላይ የቀዘፋው ቁጥር ከመጀመሪያው በአራት ከጨመረ በሚቀጥለው ቀን 6 ይሁን። ሁለተኛው ከሆነ ርቀቱ ሳይበዛ ድግግሞሹ ይብዛ፦ 12 ጊዜ 25።

ትከሻዋን ጠብቁት። እግር የማያግዘው ዋናተኛ ጭነቱን ሁሉ እዚያ ያደርገዋል፤ የእነዚህን ዋናተኞች የውድድር እድሜ የሚያሳጥረው ከእግር ይልቅ ትከሻ ነው። ፓድል (መዳፍ ላይ የሚታሰር የመቅዘፊያ ሰሌዳ) ከመዳፏ አይብለጥ። የትከሻዋ ፊት ለፊት ካመማት ፓድል ለሁለት ሳምንት ይውጣ።

ገንዳ ዳር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጠዋቱ ውሃ ቀዝቃዛ ነው፤ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ድርቅ ትላለች። የጡንቻ ውጥረት የሚያላላ መድኃኒትም ትወስዳለች፣ ባክሎፈን። ይህ ችግር አለው?

ፊዚዮ በውሃ

የውድድር ገንዳ ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ የሕክምና ገንዳ ደግሞ ወደ 33 ይጠጋል። በቀዝቃዛው ጎን ሲሆን ውጥረት ይጨምራል፤ ድርቀቷ ስንፍና አይደለም። ከመግባቷ በፊት 10 ወይም 15 ደቂቃ ደረቅ ላይ ዳሌና ቁርጭምጭሚት በዝግታ ይንቀሳቀስ፤ ሳይነጠቅ፣ ሳይዘለል። ሙቅ ሻወር ካለ ይጠቅማል። ውሃ ውስጥ ከ300 እስከ 400 ሜትር ለስላሳ ሳትዋኝ ምንም ፈጣን ነገር አይሰጣት። በስብስቦች መሀል ጠርዝ ላይ ተቀምጣ መመሪያ አትስማ፤ ያኔ ነው የምትቀዘቅዘው። አንገቷ ድረስ ውሃ ውስጥ ሆና ትስማ ወይም ፎጣ ትልበስ።

ባክሎፈን እንቅልፍ እንቅልፍ ሊያሰኝ ይችላል፤ የመድኃኒቱን ሰዓት ከልምምዱ ጋር ማስማማት የሐኪሟ ሥራ ነው። «ዛሬ ውድድር ስላለ ይቅር» ተብሎ በድንገት ማቋረጥ ግን አደገኛ ነው። ሌላው፣ ሴሬብራል ፓልሲ ካለባቸው ልጆች የሚጥል ሕመም ያለባቸው ጥቂት አይደሉም። ካለባት ገንዳ ዳር እሷን ብቻ የሚያይ ሰው ይኑር፤ መስመር የሚቆጥረው አሰልጣኝ አይበቃም።

መነሻ ሰሌዳ

ማንም ያላነሳውን ልጨምር፤ ውድድር የሚበላሸው ውሃ ውስጥ ሳይሆን መነሻና ግድግዳ ላይ ነው።

መነሻ፦ ሰሌዳ ላይ ቆሞ መዝለል ግዴታ አይደለም። ከሰሌዳው ጎን፣ ተቀምጦ ወይም ከውሃ ውስጥ መነሳት ይቻላል። ሚዛን የሚያጣ ሰው ረዳት ሊይዘው ይፈቀዳል፤ ረዳቱ ግን መግፋት አይችልም፤ ከገፋ ዋናተኛዋ ነች የምትሰረዘው። ዳይፕሌጂያ ላለባት ልጅ ሁለት እግር ሰሌዳ ላይ አቁሞ ማንቀጥቀጥ ብዙ ጊዜ ጥቅሙ ከጉዳቱ ያንሳል። ሁለቱንም አምስት አምስት ጊዜ አዋኝታችሁ እስከ 15 ሜትር ያለውን ሰዓት ለኩ፤ የሚሻለው ይታያል።

መታጠፊያ፦ ግድግዳ የሚገፋው በእግር ነው። ለዚህ ነው ዳይፕሌጂያ ያለበት ዋናተኛ በ50 ሜትር ገንዳ የሚሻለው። 400 ሜትር በ50 ሜትር ገንዳ 7 መታጠፊያ አለው፣ በ25 ሜትር ገንዳ 15። በአጭር ገንዳ ሰዓቷ ከጓደኞቿ ጋር ሲነጻጸር ከከፋ አትደንግጡ።

ቢራቢሮ፦ ኤስ7 የሚዋኘው 50 ሜትር ብቻ ነው፤ 100 የሚጀምረው ከኤስ8 ነው። ሁለቱ እግሮች አብረው መምታት አለባቸው። አንዱ ቀድሞ አንዱ ከተከተለ ዳኛው እጁን ያነሳል። መምታት የማይችል ሰው እግሩን እንዲያስጎትት የሚፈቅድ ኮድ አለ፤ ደረት ቀዘፋ ላይም እግሩን ወደ ውጭ ማዞር ለማይችል እንደዚሁ። እነዚህ ኮዶች በምደባ ጊዜ ይሰጡና ከስሟ አጠገብ በመነሻ ዝርዝሩ ላይ ይታተማሉ። ዝርዝሩ ላይ ከሌለ ዳኛው አያውቅም፤ ሲሰርዛት ጥፋተኛ አይደለም። ወረቀቱን ጠዋት ከማጣሪያው በፊት አንብቡት።

ገንዳ ዳር

አንድ የመጨረሻ፦ ዓለም አቀፍ ምደባ ለማግኘት ከኢትዮጵያ የት ይጀመራል?

ነጥብ ቆጣሪ

በግል አይሄድም። ዋናተኛ የሚመዘገበው በብሔራዊ ፓራሊምፒክ ኮሚቴው በኩል ነው፤ ምደባው የሚሠራው መዳቢዎች በተመደቡበት የታወቀ ውድድር ላይ ነው። ከጉዞው በፊት ሐኪም የሞላው የምርመራ ቅጽ መግባት አለበት፦ የሕመሙ ስም፣ ከመቼ ጀምሮ፣ የምትወስደው መድኃኒትና መጠኑ (ባክሎፈኑም ይጻፍ)፣ የተሠራላት ቀዶ ሕክምና ወይም የቦቶክስ መርፌ ካለ ቀኑ። ቅጹ ያልተሟላ ከሆነ ከእነ ትኬቷ ሳትታይ ልትመለስ ትችላለች።

ከምደባው በኋላ ከቁጥሩ ጎን የሚጻፈውን ሁኔታም እዩ። «የጸደቀ» ከሆነ ቁጥሩ ቋሚ ነው። «ዳግም የሚታይ» ከሆነ በሚቀጥለው ውድድር ይፈተሻል፤ በ14 ዓመት ልጅ ላይ ይህ የተለመደ ነው፣ ሰውነቷ ገና እያደገ ስለሆነ። ኤስ7 ሆና ገብታ ኤስ8 ሆና ልትወጣ ትችላለች፤ ያን ጊዜ የ50 ሜትር ቢራቢሮዋ 100 ይሆናል፣ ስለዚህ አሁኑኑ በልምምድ አልምዷት።

ፈተናው ላይ ሆን ብሎ ደካማ መስሎ መታየት ቅጣት አለው፤ እገዳ ድረስ። ያለችውን ያህል ትሥራ። አንድ ሰው አብሯት መግባት ይችላል፤ እንግሊዝኛ ካስቸገራት አስተርጓሚም ይፈቀዳል። አስተርጓሚው የሚባለውን ብቻ ይተርጉም፤ «እንዲህ በይ» ማለት ከጀመረ መዳቢዎቹ ቶሎ ነው የሚያውቁት።